«አነበበ» ማለት «ገባው» ማለት አይደለም!

/ከዚህ በታች የምታነቡት በነቀምት ከተማ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው ግማሹን በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሹን በአማርኛ የተናገሩት ሲሆን ለጋዜጣ እንዲሆን ራሳቸው በአማርኛ ጽፈውታል። እኛ ንዑስ ርዕሶችን ከመጨመር በቀር አልነካነውም።/



በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። «ስለ ዓይንና ስለ ንባብ ንግግር አለ» ሲባል የዓይን ሐኪም ይመጣል ብሎ መነጽር ሊያስለካ የመጣ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። እኔ እንደናንተው ጠመኔ ሲያቦንን ዕድሜውን የጨረሰ አስተማሪ ነኝ። የማወራችሁም ካነበብኩትና ክፍል ውስጥ ካየሁት ነው፤ ካጠፋሁትም ጭምር።

ነገሩ የጀመረው መብራት ሲጠፋ ነው። አንድ ማታ ለትንሿ ልጄ ጮክ ብዬ ተረት ሳነብላት መብራቱ ድርግም አለ። ቤቱ ጨለማ ሆነ፤ አፌ ግን አልቆመም። ሦስት ቃል ያህል አከታትዬ ተናገርኩ። ልጄ ደንግጣ «አባዬ፣ በጨለማም ታነባለህ እንዴ?» አለችኝ። እኔም ደነገጥኩ። እውነትም ያልታየ ነገር እንዴት ይነበባል?

መልሱ ቀላል ነው። ዓይን ከአፍ ቀድሞ ይሄዳል። አፌ አንዱን ቃል ሲናገር ዓይኔ ሁለት ሦስት ቃል ወደፊት አልፎ፣ የለቀመውን አእምሮዬ ጓዳ አስቀምጦ ነበር። መብራቱ ሲጠፋ የተናገርኩት የተቀመጠውን ነው። ይህን ነገር ጋይ በስዌል የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1920 በሰፊው አጥንቶታል።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሞከርኩት። ተማሪ ሲያነብ በድንገት ገጹን በእጄ እሸፍናለሁ። አንዳንዱ ሦስት አራት ቃል ይቀጥላል። አንዳንዱ ግን እጄ ባረፈበት ፊደል ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ጓዳው ባዶ ነው። እነዚህ ልጆች እነማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ? እኔ ራሴ «ሰነፍ» እያልኩ የምጠራቸው ናቸው!

<b>ዓይን አይንሸራተትም፤ ይዘላል</b>

ሁላችንም ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ እንደ ውሃ የሚፈስ ይመስለናል። አይፈስም። ጋዜጣ ግዙና መሃሉን በእርሳስ ብሱት። ጓደኛችሁ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያነብ በቀዳዳው ዓይኑን ተመልከቱ። /ጋዜጣውን መጀመሪያ አንብባችሁ ጨርሱ እንጂ፤ የከፈላችሁበት ነው።/ ዓይኑ ዘለል ይላል፣ ይቆማል፤ ዘለል ይላል፣ ይቆማል። አንዳንዴም ወደኋላ ይመለሳል።

አንዱ ቆይታ ባማካይ ከሰኮንድ ሩብ የማይበልጥ ነው። የምናነበው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። በዝላዩ ጊዜ ምንም ጠቃሚ ነገር አናይም። እንግሊዝኛ በሚያነብ አዋቂ አንዱ ዝላይ ከ7 እስከ 9 ፊደል ይሸፍናል። በቻይንኛ ግን አንዱ ምልክት ብዙ ስለሚሸከም ዝላዩ 2 ወይም 3 ምልክት ነው። ስለዚህ ዝላዩን የሚወስነው የፊደሉ ቁጥር ሳይሆን ፊደሉ የሚሸከመው ነገር ነው ማለት ነው።

ለምን ይዘላል? ጥርት አድርጎ የሚያየው የዓይናችን ክፍል በጣም ጠባብ ስለሆነ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ተመልከቱ፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥፍሩ የሚሸፍነውን ያህል ነው። የቀረው ብዥ ያለ ነው። ዓይን እንግዲህ በዚያች ጠባብ መስኮት ገጹን ቆንጥሮ ቆንጥሮ ይሰበስባል።

አሁን ወደኋላ ስለመመለሱ ልንገራችሁ። ጎበዝ የሚባለው አንባቢ እንኳ ከ100 ዝላይ ከ10 እስከ 15 ያህሉ ወደኋላ ነው። ጀማሪ ልጅ ደግሞ ከሩብ የማያንሰው ይመለሳል። እኛ ግን ልጁ ሲመለስ «ቀጥል! ምን ወደኋላ ያስኬድሃል!» እንላለን። በማስመሪያ የምንመታም ነበርን። ልጁ እኮ የተመለሰው ስላልገባው ነው። ስላልገባው የሚመለስ ልጅ ዓይኑን ጠርቶ «ቆይ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር ጎደለኝ» የሚል አዛዥ በውስጡ አለ ማለት ነው። ሊያሳስበን የሚገባው ሳይገባው ዝም ብሎ የሚቀጥለው ነው።

<b>የአእምሮ ሥራ አስኪያጅ</b>

ያ አዛዥ ማነው? ሊቃውንቱ ብዙ ስም ሰጥተውታል። እኔ ሥራ አስኪያጁ እለዋለሁ። መቀመጫው በይበልጥ ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል በስሎ የሚጨርሰው ሰው ከ20 ዓመት በላይ ሲሆነው ነው። የ7 ዓመት ልጅ እንግዲህ ገና ጀማሪ ሥራ አስኪያጅ ነው ያለው፤ ፊርማውንም አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሚያኬ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት የዚህ ሥራ አስኪያጅ ዋና ዋና ተግባራት ሦስት ተደርገው ተቀምጠዋል። በአገራችን ምሳሌ ላስረዳችሁ።

አንደኛው መያዝ ነው። አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ባለሥልጣኑ የመጻሕፍት እጥረቱ በሚቀጥለው ዓመት ሙሉ በሙሉ እንደሚቀረፍ ለወላጆች ቃል...» እስኪ ጨርሱልኝ። ገቡ ነው ወይስ አልገቡም? /ሳቅ/ እናንተ ከልምድ ታውቁታላችሁ፤ ልጁ ግን አያውቅም። መጨረሻዋ ቃል እስክትመጣ ባለሥልጣኑን፣ እጥረቱን፣ ዓመቱን፣ ወላጆቹን ሁሉ ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። ዳንማንና ካርፐንተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ሰዎችን ዓረፍተ ነገሮች አስነብበው የእያንዳንዱን የመጨረሻ ቃል እንዲያስታውሱ ጠየቁ። ብዙ ቃል የያዙት ሰዎች ያነበቡትንም የበለጠ የተረዱ ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛው መግታት ነው፤ ልጓም በሉት። «በጉ ይበላል» ብዬ ብጽፍ ምን ትረዳላችሁ? በጉ ሣር ይበላል? ወይስ በጉ ራሱ ይበላል? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አንደኛው ለበጉ ደግ ዜና ነው፤ ሁለተኛው የፋሲካ ዋዜማ ነው። አንባቢ ሁለቱም ትርጉም ብልጭ ሊልበት ይችላል። ሥራ አስኪያጁ ዙሪያ ገባውን አይቶ አንዱን «አንተ ተቀመጥ» ይለዋል። ይህን የማይችል ልጅ መጀመሪያ በመጣለት ትርጉም ይነጉዳል።

ሦስተኛው መቀያየር ነው፤ ሾፌሮች ማርሽ እንደሚቀይሩት። ከቃል ወደ ሐሳብ፣ ከሐሳብ ወደ ቃል፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ሰሙን ይዞ ወርቁን መፈለግ ማርሽ መቀየር ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ሌላም ነገር ያስተምረናል። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ግዕዙን ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ትርጉሙን ግን አያውቅም። የኔታም ያውቃል ብለው አይጠብቁም፤ ትርጓሜ የራሱ ቤት፣ የራሱ ዓመታት አለው። አባቶቻችን ማንበብና መረዳት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ መሆናቸውን ከፈረንጅ ጥናት በፊት ለይተው ነበር። ፈረንጆቹ ጎፍና ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን በብዜት ገለጹት፦ ፊደል የመፍታት ችሎታ ሲባዛ በቋንቋ ዕውቀት። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። እኛ ግን ልጁ ጮክ ብሎ ካነበበ «አለፈ» ብለን እናስቀምጠዋለን።

<b>የወለጋ ልጅ ሸክም</b>

ይህን ነገር በነቀምት መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች ከተማ የንባብ ከተማ ናት። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 አሳተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። አስቴር በቃል የሚነገሩ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን 500 ያህል አሰባስባ ጽፋለች። ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ መጥቶ፣ እየተከለከለም እየተፈቀደለትም እዚሁ ሲያስተምር ኖሮ በ1931 ነቀምት ላይ አረፈ።

ልብ በሉ፤ ሥራቸው የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ያስተማረው በዚሁ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ አፋን ኦሮሞ በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። ስለዚህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አያት በፊደል፣ ልጅ በቁቤ የሚያነቡበት ቤተሰብ አለ። ማታ ልጁ መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ አያቱ ቋንቋው ቋንቋቸው ሆኖ ሳለ ገጹን ማንበብ የማይችሉበት ቤት ሞልቷል።

ከፊደልና ከቁቤ የቱ ይሻላል የሚል ጭቅጭቅ ስንት ዓመት ሰማን! በዓይን በኩል ካየነው ግን እያንዳንዱ አጻጻፍ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ይወስዳል። «ባርሲሳ» ብለን አስተማሪን በፊደል ስንጽፍ 4 ምልክት ይበቃል፤ በቁቤ 9 ነው። ቁቤ ቦታ ይወስዳል። በምትኩ ፊደል የማያሳየውን መጥበቅና መላላት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ አንባቢው መገመት አያስፈልገውም። ልጆች በሁለቱም አጻጻፍ ጎበዝ አንባቢ ሆነዋል፤ በሁለቱም ሳያነቡ ቀርተዋል። ጥፋተኛው ፊደሉ አይደለም!

ሸክሙ ያለው መሸጋገሪያው ላይ ነው። በቁቤ ኤክስ የሚባለው ፊደል ድምፁ «ጥ» ነው። ሲ የሚባለው «ጭ» ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያው ፊደል ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። ልጁ «ታክሲ» ተብሎ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ቃል «ታጢ» ብሎ ሲያነበው ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። ምን ያስቃል? ልጁ የተማረውን በትክክል ነው የተናገረው! የጎደለው ልጓምና ማርሽ ነው። «የቁቤውን ድምፅ ያዘው፣ የእንግሊዝኛውን አምጣው» የሚለው ትእዛዝ ገና በፍጥነት አይደርስለትም። በዚያ ላይ አማርኛ በሌላ ፊደል ይጨመርበታል። ሦስት ቋንቋ፣ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ። ከዚያ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ባንድ ጊዜ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆናል።

<b>የራሴ ጥፋት</b>

አሁን የማወራው ደስ አይለኝም፤ ግን ሳልናገረው ብሄድ ይህ ሁሉ ስብከት ከንቱ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንዱ የወለጋ ከተማ 9ኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ልጅ አስነሥቼ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አስነበብኳት። እንደ ውሃ አወረደችው። ደስ አለኝ። «እሺ፣ ሰውየው ለምን ተመለሰ?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም። «ታሪኩ ስለ ምንድነው?» ዝም። እኔም «ገደል ማሚቶ ነሽ እንዴ?» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም። ከዚያም አልመጣችም።

ከዓመታት በኋላ ገበያ ላይ ቡና ስትሸጥ አገኘኋት። አወቀችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝና «ቲቸር፣ ያኔ ቃሉን እንዳልሳሳት ስጠነቀቅ ታሪኩ ያመልጠኝ ነበር» አለችኝ። ያን ሁሉ መጽሐፍ ከማንበቤ በፊት ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝ እሷ ናት። ጓዳዋ ጠባብ አልነበረም፤ ፊደል በመፍታት ሥራ ተይዞ ለታሪኩ ቦታ አልቀረውም። ዓይኗ ደርሷል፤ አፏ ደርሷል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ያለ ረዳት ሁሉንም ብቻውን ሲሠራ ደክሞታል። እኔ ደግሞ ረዳት በመሆን ፈንታ ፍርድ ሰጠሁ።

ይህች ልጅ አንዲት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 አማርኛንና አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። ከሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። ሹማምንቱ «ኩረጃ ስለቀረ ነው» አሉ። ይሁን፤ ኩረጃ መቅረቱ ደግ ነው። ግን ኩረጃው ሲነሣ ከሥሩ የታየው ምንድነው? ጥያቄውን እንኳ አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ ነው! ያ ተማሪ 12ኛ ክፍል ላይ አልወደቀም። 2ኛ ክፍል ላይ ነው የወደቀው፤ ዜናው 10 ዓመት ዘግይቶ ደረሰን እንጂ።

በወለጋ ደግሞ ሌላ አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ? ስንት ቤተሰብ ተፈናቀለ? ሥራ አስኪያጁ የተኩስ ድምፅ እያዳመጠ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ እንቅልፍ አጥቶ አይሠራም። ፍርሃት የሥራ ትውስታን እንደሚያዳክም በጥናት የታወቀ ነው። ለዚህ ልጅ ከመጻሕፍት በፊት ሰላም የንባብ መሣሪያ ነው። ይህን የሚሰማ ይስማ።

<b>ታዲያ ምን ይደረግ?</b>

አንደኛ፣ የ«ዓይን ጅምናስቲክ»ና «በደቂቃ 1000 ቃል ላስነብብህ» የሚሉ ነጋዴዎችን አትመኑ። የዓይን ዝላይ የመረዳት ተከታይ ነው። ቃሉንና ነገሩን የሚያውቅ ልጅ ዓይኑ በራሱ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሬይነርና ባልደረቦቹ የፈጣን ንባብ ትምህርቶችን መርምረው ፍጥነት ሲጨምር መረዳት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በአንጻሩ ልጁ ሰሌዳው የማይታየው ከሆነ ዓይኑን አስመርምሩት፤ መነጽር የሚፈታውን ችግር ምክር አይፈታውም።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ንባብ ልጁ በሚያውቀው ነገር ይሁን። አስቴር ጋኖ ተረትና እንቆቅልሽ የሰበሰበችው ያለ ነገር አይደለም። ተረቱን ከአያቱ የሰማ ልጅ ጓዳው ፊደሉን ለመፍታት ነፃ ነው። አያቶች ሆይ፣ ቁቤ አላነብም ብላችሁ አትፈሩ። ተረቱን ንገሩት። ከብዜቱ ግማሹ እናንተ እጅ ነው ያለው።

ሦስተኛ፣ በጅምላ ማስጮህ ይቀንስ። 70 ልጅ ባንድ ላይ ሲያነብ 20ው ያነባል፣ 50ው ያስተጋባል። በየሳምንቱ እያንዳንዱን ልጅ ለአንድ ደቂቃ ለብቻ ስሙት። ገጹን በእጃችሁ ሸፍኑ፤ ስንት ቃል ቀጠለ?

አራተኛ፣ አንድ አንቀጽ ካነበበ በኋላ መጽሐፉን አስዘጉትና «በራስህ ቋንቋ ንገረኝ» በሉት። እንግሊዝኛ አንብቦ በአፋን ኦሮሞ ቢናገር ወንጀል አይደለም፤ ገብቶታል ማለት ነው። ሲመለስ አትቆጡት። ጠይቃችሁም ታገሡት፤ ማርሹን እስኪቀይር ቢያንስ ሦስት ሰኮንድ ስጡት።

አምስተኛውና የመጨረሻው ለበላዮቻችን ነው። በየልጁ እጅ መጽሐፍ ይግባ። ዓይን ለመዝለል ገጽ ይፈልጋል። ለአምስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ሰጥቶ፣ ከዚያ ውጤቱን በመቶኛ አስልቶ «ትውልዱ ሰነፈ» ማለት፣ እርሻ ሳያርሱ አጨዳ መውጣት ነው።

ቡና ሻጯ ልጅ አሁን ልጅ አላት። 1ኛ ክፍል ናት። «ታነባለች?» ብዬ ጠየቅኳት። «ታነባለች» አለችኝ፤ ጥቂት ቆይታም «እኔ ግን ሁልጊዜ ምን እንዳነበበች እጠይቃታለሁ» አለች። ከእኔ የተሻለች አስተማሪ ሆናለች። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ልጃችሁን «አንብብ» ብላችሁ አታቁሙ። «ምን አነበብክ?» በሉት፤ ቁጭ ብላችሁም ስሙት።